ኒሚትዝ በሳሎን፦ የ1፡350 ሞዴሉ ከወራት በኋላ

የሞዴል ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ሳይደርቅ ይጻፋል። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ይገጣጠማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። እኔ ይህን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሞዴል ገጣጥሜ ከጨረስኩ ወራት አልፈዋል። ክረምቱን ከቤት ማሞቂያ ጋር፣ በጋውን ከመስኮት ፀሐይ ጋር አሳልፏል። የምጽፈውም ከቤት ከገባ በኋላ ስላየሁት ነው።

ዕቃው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒሚትዝ ምድብ መርከቦች የፕላስቲክ ሞዴል ነው። እውነተኛው መርከብ ወደ 333 ሜትር ይረዝማል፤ በ1፡350 ሲሰላ፣ ማለትም 350 ጊዜ ሲያንስ፣ 95 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ቡፌ ላይ አይገባም። የራሱ መደርደሪያ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙና ግድግዳችሁን ለኩ።

የምድቡ መርከቦች አሥር ናቸው። የመጀመሪያው ኒሚትዝ በ1975 አገልግሎት ጀመረ፣ የመጨረሻው ጆርጅ ቡሽ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። አሥሩም የተሠሩት እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ነው። ኖርፎክ ወደብ ላይ በጎብኚ ጀልባ አጠገባቸው አልፌያለሁ። ግን ከታች ሆናችሁ የምታዩት ግራጫ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ዋናው ነገር፣ የላይኛው ወለል፣ አይታይም። ይህ ሞዴል ገንዘቡ የሚወጣለት እዚህ ላይ ነው። ወለሉን ከላይ ያሳያችኋል።

በቪዲዮ ስናይ አውሮፕላን ተነሳ፣ አረፈ፣ በቃ። ሞዴሉን ፊት ለፊት አስቀምጦ የኖረ ሰው ግን ማረፊያው ለምን ወደ ግራ እንደታጠፈ ይገባዋል። ከመርከቡ መሀል መስመር ወደ 9 ዲግሪ ያዘነብላል። አብራሪው ወለሉን ሲነካ ሞተሩን የሚቀንስ ይመስለን ይሆናል። በተቃራኒው እስከ መጨረሻው ይሰጠዋል። በጅራቱ ያለው መንጠቆ ወለሉ ላይ የተወጠረውን፣ አውሮፕላኑን ይዞ የሚያቆመውን የብረት ገመድ ከሳተ ወዲያው ተመልሶ መብረር አለበትና። ማረፊያው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ከፊት የቆሙት አውሮፕላኖች ላይ ይወጣ ነበር። ታጥፎ ስለተሠራ ባሕሩ ላይ ይወጣል፣ ዞሮም ይሞክራል።

አውሮፕላኖቹን በሙጫ ባላጣብቃቸው ጥሩ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንዱ ሱፐር ሆርኔት (የመርከቡ ተዋጊ ጄት) 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጅ እያነሳችሁ ስትደረድሩ ቦታው እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ ታያላችሁ። እውነተኛው መርከብ ከ60 በላይ አውሮፕላን ይይዛል። ሁሉንም ላይ ብትደረድሩ ማረፊያው ይዘጋል፤ ስለዚህ የተወሰኑት በአራቱ ሊፍቶች ወደ ታች፣ ወደ ሃንጋሩ (አውሮፕላን ማቆያው አዳራሽ)፣ መውረድ አለባቸው። ልጆቼ ይህን ከእኔ ቀድመው ነው የያዙት። አሁን ራሳቸው «ይኼኛው ይውረድ፣ ያኛው ወደፊት ይጠጋ» እያሉ ያዛሉ።

ሰዎቹ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። በስቲኪኒ ጫፍ ቀለም እየነካሁ ሸሚዛቸውን ቀባሁ። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ቢጫ የለበሰው አውሮፕላኑን ይመራል፣ ሐምራዊው ነዳጅ ይሞላል፣ ቀዩ ከጦር መሣሪያና ከእሳት ጋር ይሠራል፣ አረንጓዴው አውሮፕላኑን ለመነሳት የሚወረውረውን ማስወንጨፊያና የማረፊያውን ገመድ ይይዛል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ድምፅ ስለማይሰማ ሰው በቀለሙ ይታወቃል። የወለሉ ነፍስ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሳታስቀምጧቸው ሞዴሉን ጨረስኩ አትበሉ።

የገመዱ ነገር በ2025 ይበልጥ ገብቶኛል። ከአሥሩ አንዱ የሆነው ሃሪ ትሩማን ቀይ ባሕር ላይ ሳለ፣ በግንቦት ወር አንድ ሱፐር ሆርኔት ሲያርፍ ማቆሚያው ሳይሠራለት ቀርቶ ባሕር ገባ። ሁለቱ አብራሪዎች ዘለው ወጥተው ተረፉ። ዜናውን ስሰማ እነዚያን ገመዶች በስስ ናይሎን ክር የወጠርኳቸው እኔ ነኝና፣ የት ቦታ ምን እንደሆነ በዓይኔ ታየኝ።

ቀይ ባሕር ካልን ዘንድ፣ ከጎኑ ያስቀመጥኩትን ላንሳ። የእኛ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ከአሜሪካ የተገኘች ነበረች። በ1944 ኦርካ ተብላ አገልግሎት የጀመረች፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ የምትሞላና የምትጠግን መርከብ ናት። በ1962 ወደ እኛ መጣች፣ በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ነበር። የኒሚትዝ አንዱ የእንፋሎት ማስወንጨፊያ 94 ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት አንድ ከባድ ጄት ከቆመበት ተነስቶ በሁለት ሰከንድ ያህል ወደ 265 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። እኔም 27 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ቆርጬ «ኢትዮጵያ»ን ሠራኋት፣ ማስወንጨፊያው ላይ አጋደምኳት። ልክ ገጠመች። የባለቤቴ አጎት ምጽዋ ያገለገሉ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ቤት ሲመጡ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ልጄ፣ መድፏ ከፊት ነው፤ ጨምርላት» አሉኝ። ጨመርኩላት። ይህን ሞዴል በመግዛቴ የተደሰትኩበት ትልቁ ቀን እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ወለሉ በቁራጭ ነው የሚመጣው። መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ስቀባው አይታይም ነበር። ማሞቂያው ሲበራ ከከረመ በኋላ ግን ቀጭን መስመር ሆኖ ወጣ፤ ያውም ማረፊያው መሀል። ለአምራቹ ጽፌ ነበር። ምትክ ክፍል እንልካለን አሉ፣ እስካሁን የመጣ ነገር የለም። በዚህ ዋጋ እንዲህ መሆኑ ያናድዳል። ነጩ የመስመር ስቲከርም በመስኮቱ በኩል ቢጫ ብሏል። አንቴናዎቹ ከመጠን በላይ ስስ ናቸው፣ አቧራ ስጠርግ ሁለቱ ተሰብረዋል። አሁን ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ነው የምጠቀመው።

ሌላ ቅር ያለኝ፣ ሳጥኑ የመርከቡን ቁጥር ብቻ በመቀየር ከአሥሩ የፈለጋችሁትን መሥራት ትችላላችሁ ይላል። ልክ አይደለም። ከአሥሩ መካከል ሬገንና ቡሽ ከውኃ በታች አፍንጫቸው ያበጠ ነው፣ የማረፊያ ገመዳቸውም ሦስት ነው። ኒሚትዝ ራሱ አራት ገመድ ነበር ይዞ የወጣው። እነዚህን ሁለቱን የምትፈልጉ ከሆነ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ሞዴል ፈልጉ።

እኔ ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ያለ ማመንታት። ቦታ የጠበባችሁ ሰዎች የ1፡700ውን ታስቡ ይሆናል፤ 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ይመቻል፣ ሰዎቹን መቀባት ግን ከባድ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ያለ እነሱ ዋጋ የለውም። ትልቁን ከመረጣችሁ የመስታወት ሳጥኑን ቀድማችሁ እዘዙ፣ አንቴናዎቹን ደግሞ ሳጥኑ ቤት ሳይገባ አትለጥፉ።