የላንድስኬፕ (የግቢና የመናፈሻ) ዲዛይን «ዲፕሎማ» ልትማሩ ካሰባችሁ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። አዲስ ምዝገባ የተጀመረበት ሰሞን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። «በስድስት ወር የላንድስኬፕ ዲዛይነር ይሁኑ፣ የሥራ ትስስር እናመቻቻለን» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ መጀመሪያ የእኔን ስሙ። እኔ 42,000 ብር ከፍዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ፣ በእጄ የቀረው የትም የማያስቀጥር ወረቀት ነው። የማዕከሉን ስም አልጠራም፤ ዋናው አሠራሩን ማወቃችሁ ነው።

ሙያው ራሱ ውሸት አይደለም፤ ይህን አደራ ለዩልኝ። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ተከተሉ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የአዲስ አበባን መንገድ ዳር በሣርና በአበባ ሞላው። ሆቴሉም፣ ሪል ስቴቱም፣ ግቢ ያለው ግለሰብም ነድፎ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው።

የተሸወድኩት ገና በሩ ላይ ነው። «ፈቃድ አላችሁ?» ስላት የቢሮዋ ልጅ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ፍሬም ውስጥ የገባ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰቅሏል። አየሁት፣ አመንኩት፣ ጠጋ ብዬ ግን አላነበብኩትም። ትምህርቱን ጨርሼ ወረቀቴን ልወስድ የሄድኩ ቀን ሳነበው የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው፤ የሥራው መስክም «የማማከር አገልግሎት» ይላል። በንግድ ፈቃድ ዲፕሎማ አይሰጥም። ለዚያ የሚያስፈልገው ከትምህርትና ሥልጠና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚገኘው የእውቅና ፈቃድ ነው፤ እሱም በየሙያው መስክና በየደረጃው ተለይቶ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ «ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ አትርኩ። የእውቅና ፈቃዱን አምጡ በሏቸው፤ የምትማሩት መስክ በስሙ ተጽፎ እንደሆነ፣ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ፣ የምትማሩበት ቅርንጫፍ ተካትቶ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያም ቁጥሩን ይዛችሁ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁ ነው።

ሲኦሲም (የብቃት ማረጋገጫው) ሌላው መለያ ነው። በቴክኒክና ሙያ መስመር የሠለጠነ ሰው መጨረሻ ላይ የብቃት ምዘና ይፈተናል። እኛ ስንጠይቅ «የእናንተ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ሲኦሲ አያስፈልጋችሁም» ተባልን። የትኛው የውጭ ተቋም እንደሚያውቀው በጽሑፍ ስጡን ብለን ስንት ጊዜ ተመላለስን፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ትምህርቱስ? ከስድስቱ ወር አራቱ ስኬችአፕና ሉሚዮን በሚባሉ የንድፍ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ አለቀ። ፕሮግራሞቹ ጠቃሚ ናቸው፤ አልክድም። ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ዛፍ እየጎተቱ ስክሪን ላይ መደርደር አንድ ነገር ነው፣ መሬት ላይ አጽድቆ ማሳደግ ሌላ። ስለ አፈር የተማርነው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለ ውሃ ምንም።

ያጎደለብኝን የነገረኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ እናት ሲኤምሲ አካባቢ አዲስ ቤት ሠርተው ግቢውን እንድነድፍላቸው ጠሩኝ። በሉሚዮን የሠራሁትን ምስል ሳሳያቸው ደስ አላቸው። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው በየት በኩል ይወጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አትክልተኛቸው፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ምንም ሳይናገሩ ዶማ አነሡና አንድ ክንድ ያህል ቆፈሩ። ጥቁር አፈር ወጣ። ውሃ ጠብ አድርገው በመዳፋቸው አሹትና በአውራ ጣታቸው ሲገፉት እንደ ሊጥ ተለጠጠ፣ ሳይቆረጥ ተንጠለጠለ። «ዋልካ ነው፣ ልጄ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ይሄን ያሳየሽንን ንጣፍ ይገለብጠዋል፤ ጽጌረዳውም ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ዋልካ ላይ ንጣፍ ለማንጠፍ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና መጠቅጠቅ፣ ተክሉን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግ፣ የግቢውን ተዳፋት ከቤቱ መሠረት ማራቅ ያስፈልጋል። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ የተማርኩት ግን እኚያን ሰው እየተከተልኩ ነው እንጂ 42,000 ብር ከከፈልኩበት ክፍል አይደለም። እኚያ እናት ቀጥለው ስንት ቢያጆ ቀይ አፈር፣ ስንት ካሬ ሣር፣ ስንት ችግኝ እንደሚፈጅ ከነዋጋው ጽፌ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ይህን የመጠንና የዋጋ ዝርዝር ቢኦኪው ይሉታል፤ አሠራሩን አልተማርንም። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አልፈርድባቸውም።

«የሥራ ትስስር» ያሉትም የአንድ ኮንትራክተር ስልክ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ስሄድ በቀን ሒሳብ ችግኝ መትከልና ውሃ ማጠጣት ነው። የተከበረ ሥራ ነው፤ አጠገቤ የነበሩት እህቶች ግን ለማንም ምንም ሳይከፍሉ ገብተው እኔ የማገኘውን ያገኛሉ። ለዚያ ቦታ ሰው 42,000 ብር ማስከፈል ግፍ ነው።

ክፍያው ላይም ተጠንቀቁ። «ዛሬ ከከፈሉ ቅናሽ አለ» ብለው ያጣድፏችኋል፣ ብሩን በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገቡ ይሏችኋል፣ የሚሰጧችሁ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ነው። ውሉ መጨረሻ ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል አለ፤ እኔ ሳላነበው ፈረምኩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሡ፣ በቴሌግራም የጻፉላችሁን አታጥፉ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አንድ ብር አታስገቡ።

ሙያውን ከልባችሁ የምትወዱ ከሆነ መንገድ አለ። ጅማና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ሆርቲካልቸር (የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ልማት ትምህርት) ያስተምራሉ። ረጅም ጊዜ ለማትችሉ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ክረምት ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ ሥሩ፤ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ዝግባውን፣ ኮሶውን፣ ወይራውን ከነቁመቱ እዩ። ሥራውን ትወዱት እንደሆነ ያኔ ታውቁታላችሁ።

እኔ አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። አብራችሁኝ የተማራችሁ ልጆች፣ ደረሰኝና ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ብዙ ስንሆን ይሰሙናል። በዚህ ዙር ተመዝግባችሁ ግማሹን የከፈላችሁም የእውቅና ፈቃዱን በዓይናችሁ ሳታዩ ሁለተኛውን ክፍያ እንዳትከፍሉ።