ፕላዝማ ይሻል ነበር ወይስ ስልክ?

እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን፣ በ1997 ሁለተኛ ደረጃ የገባውን፣ ክፍል ውስጥ በቲቪ የምናየውን የሳተላይት ትምህርት ማለቴ ነው። የእህቴ ልጅ ደሞ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብሎ ፊዚክስ የሚያጠናው በስልክ ነው፣ ዩቱብ ከፍቶ።

ፕላዝማው በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያወራል፣ ጥያቄ ይጠይቅና አንተ ገና ደብተርህ ላይ ሳትጽፈው ራሱ ይመልሰዋል፣ ማቆም የለ ወደኋላ መመለስ የለ፣ መብራት ከሄደ ያ ትምህርት አለቀለት፣ አስተማሪውም በተረፈችው ደቂቃ ምን ይበል። ግን አንድ ነገር ነበረው፣ ሁላችንም እኩል ነበር ያልገባን ሃሃ፣ ስለዚህ ስንወጣ ተሰብስበን እንጨቃጨቅበት ነበር።

ስልኩ በአማርኛ ያስረዳዋል፣ ያልገባውን አስር ጊዜ ይደግምለታል፣ የድሮ ማትሪክ ጥያቄም በቴሌግራም ያወርዳል። እዚህ ላይ ስልክ በዝረራ ያሸንፋል። ችግሩ ከፊዚክሱ ጎን ቲክቶክ አለ፣ ፓኬጁ ካላለቀ ደሞ አይነሳም። ፕላዝማው ቢያንስ ኳስ አያሳየንም ነበር።

ያልተቀየረው የቤተሰብ ነገር ነው። እናታችን እኔን ዶክተር ሁንልኝ ትለኝ ነበር፣ እህቴም ለልጇ ያንኑ ደገመችው። በ2014 አስራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ብላት «እሱ ከነሱ ውስጥ ነዋ!» አለችኝ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ስልኩን እመርጣለሁ፣ ግን ከምሽቱ ሶስት ሰአት በኋላ እናቱ ጋ ይደር።