ኮፒ ፉርጎ ወይስ ያገለገለ ኦርጅናል? መጀመሪያ ገልብጡት

ሞዴል ባቡር የሚሰበስብ ሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አዲሱን ኮፒ የጭነት ፉርጎ ልግዛ ወይስ ያገለገለውን ኦርጅናል?» ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ያገለገለውን ግዙ። ኮፒ የሚሸጠው በቀለሙ ነው፤ ጉዱ ያለው ከሆዱ በታች ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፦ ኮፒው 1,500፣ ያገለገለው 3,200 ብር ተባለ እንበል። ኮፒው የፕላስቲክ ጎማ ይዞ ይመጣል፤ የፕላስቲክ ጎማ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ሃዲዱንም ያቆሽሻል። ለአራት አክስል የብረት ጎማ 1,000፣ ለመንጠቆ 500፣ ለክብደት መጨመሪያ 100 ጨምሩ። 3,100 ሆነ። የቀረው ልዩነት 100 ብር ነው፤ ኮፒውን ልሽጠው ብትሉ ደግሞ ጎማውን ብቻ የሚፈልግ ነው የሚመጣው።

ልኩ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ እንዳይምታታ። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ሃራ ገበያ ሃዲድ ስፋቱ 1,435 ሚ.ሜ ነው፤ በ1:87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንሰው የሞዴል ልክ) ሲቀነስ 16.5 ሚ.ሜ ይሆናል። የድሮው የጅቡቲ መስመር 1,000 ሚ.ሜ ስለነበር ሞዴሉ 12 ሚ.ሜ ሃዲድ ይፈልጋል። ሻጭ ሁለቱንም «የባቡር መጫወቻ» ብሎ ነው የሚያቀርበው።

አሁን ገልብጡት። በካሊፐር በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለውን ለኩ፤ በ16.5ቱ ላይ 14.4 ሚ.ሜ አካባቢ መሆን አለበት። ከጠበበ ሃዲድ መቀየሪያው ላይ ካለው የጎን ሃዲድ ጋር ይጣበቃል ወይም ይወጣበታል። ቀጥሎ መስታወት ላይ አቁሙት። አንዷ ጎማ ከተንጠለጠለች ወለሉ ተጣሟል፤ ቀጭን ፕላስቲክ በኮምቦልቻ ፀሐይ መስኮት ስር ከዋለ ይጣመማል። የ1 ሜትር ጣውላ አንዱን ጫፍ 3 ሴ.ሜ አንሱና ልቀቁት። ሳይገፋ ካልወረደ አክስሉ ያዝ እያደረገው ነው።

ክብደቱን የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኑት። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ማኅበር የሚመክረው ለዚህ ልክ መነሻ 28 ግራም፣ ከዚያ በየሴንቲ ሜትሩ 5.6 ግራም ገደማ ነው፤ 14 ሴ.ሜ የሆነ ፉርጎ 106 ግራም ይደርሳል። ግማሹን እንኳ ካልሞላ ኩርባ ላይ ከኋላው ያለው የፉርጎ ሰልፍ ወደ ውስጥ ይጎትተውና ይገለብጠዋል። የተዘጋ ፉርጎ ከሆነ ወለሉ ላይ ዳዶ በሙጫ መለጠፍ ይቻላል፤ ክፍት ከሆነ ግን መደበቂያ የለውም።

ኮፒ መሆኑን ሻጩ ባይነግራችሁም ሰውነቱ ይናገራል። ከኦርጅናሉ ላይ ሻጋታ ተወስዶ የተቀዳ ፉርጎ ሲደርቅ ስለሚሸመቀቅ በጥቂቱ ያንሳል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ መሰላሉና እጀታው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። የሻጋታው መጋጠሚያ መስመርም ጥግ ላይ በጥፍር ይሰማል። መንጠቆውን ሳብ አድርጉት፦ ከሶኬቱ የሚወጣ ከሆነ መለወጥ ይቻላል፤ በሪቬት ከተመታ ግን ከሌላው ፉርጎ ጋር አያይዛለሁ ብላችሁ አትልፉ።

ያገለገለውም ሁለት ወጥመድ አለው። የጀርመኑ ሞዴል ባቡር ሠሪ ማርክሊን የሦስት ሃዲድ (በመካከል ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መስመር ላለው ሃዲድ የተሠራ) ፉርጎ ጎማዎቹ በኤሌክትሪክ ስላልተለያዩ ተራ የሁለት ሃዲድ መስመር ላይ ሾርት ያደርጋል። ቴስተር ሁለቱን ጎማ አስነክቶ ከጮኸ ያ ነው፤ ኩባንያው መለወጫ ጎማ ስለሚሸጥ ዋጋውን ቀንሳችሁ ተደራደሩ። ሁለተኛው አይጠገንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ የዚንክ ፉርጎ ውስጥ እርሳስ ተቀላቅሎ ከሆነ ብረቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። የደሴ ክረምት እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። ወለሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካያችሁ፣ ሱፐር ግሉ አይዘውም፤ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ኮፒ የሚያዋጣው ለመደርደሪያ ብቻ ነው። ለዚያ ግን 1,500 ብዙ ነው፤ ተከራከሩ።