የጊታር አምፕ ጀርባ፦ ክፍት ወይስ ዝግ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ጓደኛዬ ግቢ ያለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንለማመዳለን። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ጎረቤትም ቅርብ ነው። አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዘን የጊታር አምፑን (የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ የሚያወጣውን ሳጥን) የጀርባ ጣውላ ፈታነው። ጊታሩ ያው፣ ስፒከሩ ያው። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፒከሩ ሸራ አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ይስባል። ስለዚህ ከኋላ የሚወጣው ድምፅ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ጀርባው ክፍት ከሆነ ሁለቱ ዞረው ይገናኙና ቤዙን ይቀንሱታል። የሚተርፈው ቀለል ያለ፣ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ ነው። ከኋላ ያለው ድራመርም ጊታሩን ይሰማል። ባለ ሁለት 12 ኢንች ስፒከሩ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የተባለው አምፕ ጀርባው ክፍት ነው።

ዝግ ጀርባ ደግሞ የኋላውን ድምፅ አፍኖ ያስቀረዋል። የታፈነው አየር ሸራውን እንደ ሞላ ስለሚይዘው ቤዙ ጠበቅ ይላል። ሮከሮች ባለ 4 ስፒከሩን የማርሻል ሳጥን የሚወዱት ለዚህም ነው። ግን ድምፁ ወደ ፊት ያደላል። ፊቱ የቆመው ጆሮውን ይይዛል፣ ጎን ያለው "ኧረ ጨምረው!" ይላል።

ትዝታን ለስለስ አድርጌ ስጫወት እኔ ክፍቱን እመርጣለሁ፤ ከግድግዳ ትንሽ ራቅ አድርጌ። ጓደኛዬ ዲስቶርሽን (የሚሻክረው የሮክ ጊታር ድምፅ) ወዳድ ስለሆነ መልሶ ዘጋው። ሁለት ብሎን ስለጠፋብን ግን አሁን ጣውላው በየምቱ ይንቀጫቀጫል።