የባለቤቴን ኪኒን ማን ይያዝ? እኔ ወይስ እህቱ?

ባለቤቴ ባይፖላር አለበት፤ ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ ይነሳል፣ አንዴ ደግሞ ይወድቃል። ለዚህ ሊትየም የሚባል ኪኒን ይወስዳል። እኔ ደግሞ ድብርት አለብኝ፤ ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት ኪኒን እወስዳለሁ። ሁለት መንገድ ሞክረናል።

መጀመሪያ ሁሉንም እኔ ያዝኩ። የሱ ኪኒን በኔ ቦርሳ፣ የሱ ቀጠሮ በኔ ስልክ። አብረን ስለምንኖር ምልክቱን ቀድሜ አያለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ቁም ሳጥን ማጽዳት ከጀመረ ነገር አለ ማለት ነው። ሊትየም ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የሚያድነውና የሚመርዘው መጠን ስለሚቀራረቡ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዘው፣ ውሃ ሳይጠጣ ሲውል፣ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ሁሉ ስከታተል የራሴን ለ11 ቀን ረሳሁት። እሽጉ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ከዛማ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፤ እሱም የሚከታተለው አጣ።

አሁን እህቱ ገብታበታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የሳምንቱን ትከፋፍላለች፤ ለደም ምርመራም ይዛው ትሄዳለች። ጉዳቱ? ቤታችን ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ። ስንጣላ ትሰማለች። «ምነው ከሳሽ?» ትላለች ደግሞ። እሱም መጀመሪያ ላይ «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብሎ አኩርፎ ነበር።

ለኔ ግን ሁለተኛው ይሻላል፣ ያውም በብዙ። የጠቀመን ደህና በሆነ ሰሞን ቁጭ ብለን መነጋገራችን ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ለማን እንደሚደወል የወሰነው ራሱ ነው። ትናንት ማታ ውሃ እያቀበለኝ «አንቺስ ወሰድሽ?» አለኝ።