ደሴ ፒያሳ የገዛሁት የግፊት መለኪያ፣ እና «ነርስ አትሁኚ» ያሉኝ ሁሉ

ሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የዛሬ ሦስት ወር ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለች ጠባብ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ስቴቶስኮፕ (የልብ ምት ማዳመጫ) እና የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁ። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ዕቃው ነበር። ግን የሱቋን ባለቤት ትቼ ስለ ዕቃው ብቻ ባወራ ሆዴ አይሞላም።

የሄድኩ ዕለት ከፍቶኝ ነበር። ሐይቅ ከተማ ያለችው አክስቴ ቡና ላይ «የሰው ሽንት ስትደፊ ልትኖሪ ነው? ውጤትሽ እኮ ጥሩ ነበር» አለችኝ። አጎቴ የነርስ ደሞዝ ትንሽ መሆኑን አነሳ። ጎረቤታችን ደግሞ ናይት ዲውቲ የምትገባ ሴት ትዳር አይበረክትላትም አሉ። ሦስቱም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፣ የከፋኝም ለዚያ ነው። ጠላት ቢለኝ መች እሰማው ነበር።

የሱቋ ባለቤት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ ፊቴን አዩና «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አብሽሪ» አሉኝና ሦስቱን ነገር አንድ በአንድ አነሱት።

«አጎትሽ ልክ ነው» አሉ። «ደሞዙ ትንሽ ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት ተጨማሪ ዲውቲ እየገባሁ ነው። ዛሬውኑ አውቀሽው ግቢ፣ ከዲግሪ በኋላ ምን እንደምትማሪም ከአሁኑ አስቢ።» የድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሲንግ እያሉ ቆጠሩልኝ። እኔ ነርስ ማለት ነርስ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስለ ናይት ዲውቲውም አልዋሹኝም፤ ይከብዳል አሉ፣ ባላቸው ራት መሥራት እስኪለምዱ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደታመሰ ነገሩኝ። ሽንቱ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ይሄ ንቀት ነው። የንጉሥ ልጅ የሠራችው ሥራ ነው በያት።» ልዕልት ፀሐይን ማለታቸው ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ወሎን ያስተዳድሩ የነበሩት የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እህት፣ በስደቱ ዘመን ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተምራለች። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ነቀምት ላይ አረፈች። ስሟን አውቅ ነበር፤ ነርስ እንደነበረች ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ «ተዪው» የሚለኝን ሰው ሁሉ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ሥራውን ሠርተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው? የሠሩት ሲያማርሩ ማስታወሻዬን አውጥቼ እጽፋለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ በርካሽ የገዛሁት ስቴቶስኮፕ ጆሮ ያቆስላል፣ ድምፁም ከጉድጓድ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ይሄኛው ጥርት ያለ ነው። መለኪያው ባለ ሰዓት፣ በእጅ የሚነፋ ነው። ሲስተር ሳልከፍል በራሳቸው ክንድ ላይ አስለኩኝ። መጀመሪያ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን አሳዩኝ። አየሩን ቶሎ ስለቀው እጄን ያዙና «ቀስ! መርፌው በሰከንድ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይውረድ። ከሮጥሽ የመጀመሪያዋ የደም ምት ድምፅ ታመልጥሻለች» አሉኝ። ደግሜ ለካሁ። ስትመጣ ሰማኋት፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ቅዳሜ ሐይቅ ሄድኩና አክስቴን ልለካሽ አልኳት። አቦሉን ጨርሳ ቶናው እየተቀዳ ስለነበር አስቆምኳት። ቡና ተጠጥቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይለካም። ተቆጣች፣ ግን ጠበቀች። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ እግሯን መሬት አስረግጬ፣ ክንዷን በልቧ ትክክል ትራስ ላይ አሳርፌ ለካሁ፤ 162 በ98። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፤ 158 በ96። ከ140 በ90 በላይ እየደጋገመ ከመጣ ግፊት ነው፣ አንድ ቀን ተለክቶ ግን አይፈረድም። በሳምንቱ ሄጄ ስለካም ያው ነበር። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፣ አሁን መድኃኒት ጀምራለች። ምንም አያማትም ነበር፣ ግፊት እንደዚህ ነው፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው። ስለ ሙያዬ ያለችውን መልሳ አላነሳችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልለካት ስመጣ እጅጌዋን ሰብስባ ነው የምትጠብቀኝ።

ቅሬታም አለኝ። የመያዣው ቦርሳ ዚፕ በሁለተኛው ሳምንት ተበጠሰ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ አብሮ የመጣው በአንድ መጠን ብቻ ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ሰፊውን ለብቻው ጠይቁ፣ አንዳንዴ ያልቅባቸዋል። ዋጋው ለተማሪ ኪስ ከበድ ይላል፣ እኔ ግን በሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። ዓርብ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ለጁምዓ ይዘጋሉ። የምትጠይቁት ነገር ካለ ደግሞ ገበያ ሳይጀምር ድረሱ፣ ሲስተር ያኔ ነው ቁጭ ብለው የሚያወሩት።