የወገብ ደጋፊ ቀበቶ፦ ማሸጊያው የሚለውና ቀበቶው የሚሠራው

ይህ አስተያየት የሚመለከተው ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራውን፣ ከኋላው ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች የገቡበትንና ሆድ ላይ በማጣበቂያ የሚታሰረውን የተለመደ የወገብ ደጋፊ ቀበቶ ነው። ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ በጎንና በጎን ያሉት ተጨማሪ ማጥበቂያዎችም ቀበቶውን ሳይፈቱ ለማላላት ስለሚያስችሉ ከመቆም ወደ መቀመጥ ለሚመላለስ ሰው ይመቻሉ። ሲቀመጡ ግን የላይኛው ጠርዝ ወደ ጎድን አጥንት እየወጣ ይቆረቁራል፤ ከሥሩም ስለሚያልብ ከስስ ካናቴራ በላይ ማሰሩ ይሻላል።

ዋናው ቅሬታዬ ማሸጊያው ላይ ከሰፈረው ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው። ጽሑፉ ቀበቶው የተንሸራተተ ዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል አካል) ወደ ቦታው እንደሚመልስና ሕመሙ ዳግም እንዳይነሳ እንደሚከላከል ይናገራል። የታችኛው ጀርባ አምስት አጥንቶች አሉት፤ ዲስክ በብዛት የሚንሸራተተውም በመጨረሻዎቹ ሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ከቆዳና ከወፍራም ጡንቻ በላይ የታሰረ ጨርቅ እዚያ ድረስ ዘልቆ ዲስክ የሚገፋበት መንገድ የለም። ቀበቶው በእርግጥ የሚያደርገው ሆድን መጫን፣ መጎንበስን በመጠኑ መገደብ፣ አካባቢውን ማሞቅና ለባሹ እንቅስቃሴውን እንዲያስተውል ማድረግ ነው። ይህ ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል፤ እኔም ከባድ ዕቃ በማነሳበት ሰዓት ተጠቅሜበት ጥቅሙን አይቻለሁ፤ ነገር ግን እፎይታና ፈውስ አንድ አይደሉም።

ማስረጃውም ከማሸጊያው ጋር አይስማማም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ጤነኛ ሠራተኞችን ከጉዳት ለመጠበቅ ቀበቶው እንዲታሰር የሚያስመክር በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ናይስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለታችኛው ጀርባ ሕመም ቀበቶ እንዳይታዘዝ መክሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም የመደበኛ ሕክምና አካል እንዳይሆን አሳስቧል። ቀበቶ ጡንቻን ያሰንፋል የሚለው የተለመደ ስጋት በጥናት በግልጽ አልተረጋገጠም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሰው ወገቡን እንደሚሰበር ብርጭቆ ቆጥሮ መንቀሳቀስ መፍራቱ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚቀለው አቅም በፈቀደ መጠን እየተራመዱና የዕለት ሥራን ሳያቋርጡ ሲቆዩ ነው፤ ከቆየም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ይረዳል። ቀበቶው ወደዚህ እንቅስቃሴ ለመግባት ድፍረት ከሰጠ ጥሩ፤ እርሱን ከተካ ግን የተገዛው ለጉዳት ነው።

ከሁሉ የባሰው ጉድለት አብሮት ያለው ወረቀት ስለ አደገኛ ምልክቶች አንድም ቃል አለማለቱ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል ወይም በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው ቀበቶ ማጥበቁን ትቶ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም ቀደም ሲል የነበረ የካንሰር ሕመም ካለም ሐኪም ሳያይ መቆየት አይገባም።

ይህን ሁሉ አውቆ ለአጭር ሰዓት ድጋፍ ብቻ የሚፈልግ ገዢ መጠኑን በሱሪ ቁጥር ሳይሆን እምብርቱን ይዞ ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ይምረጥ፤ ከታሰረ በኋላ በጥልቀት መተንፈስ ካቃተው አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ይውሰድ።